ታዴኡሽ ኮሽቹሽኮ፤ ለሰው አገር ነፃነት የተዋጋ መኰንን

ለአገሩ የሚዋጋ ጀግና በየሕዝቡ ታሪክ ይገኛል፤ ለሌላው ሕዝብ ነፃነት ብሎ ባሕር የሚሻገር ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ የፖላንዱ መኰንን ታዴኡሽ ኮሽቹሽኮ ነበረ። ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኮሽቹሽኮ ዛሬ ቤላሩስ በሚባለው አገር፥ ሀብቱ ካልበዛ የመኳንንት ቤተ ሰብ በ1746 ተወለደ። በዋርሶ የጦር ትምህርት ቤት፥ ኋላም በፓሪስ ተማረ።

አሜሪካኖች ከእንግሊዝ አገዛዝ ለመውጣት ሲነሡ፥ በ1776 ወደ ፊላዴልፊያ ሔዶ የጦር መሐንዲስ ሆነ። ሥራው ከሰይፍ ይልቅ በአካፋና በዶማ ነበረ። በሳራቶጋ አጠገብ፥ ከሁድሰን ወንዝ በላይ ያለውን ከፍታ መርጦ ምሽግ አሠራ፤ የእንግሊዙ ጄኔራል በርጎይንም አልፎ መሔድ ስላልቻለ በ1777 ከነሠራዊቱ እጁን ሰጠ። ይህ ድል ፈረንሳይ ከአሜሪካ ጐን እንድትሰለፍ አደረገ። ከዚያም ኮሽቹሽኮ የዌስት ፖይንትን ምሽጎች ከሁለት ዓመት በላይ ሠራ፤ በ1783 የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ተሰጠው።

በ1784 ወደ አገሩ ተመለሰ። ሩሲያና ፕሩሲያ የፖላንድን መሬት ቈርሰው በወሰዱ ጊዜ፥ በ1794 ሕዝቡን አስነሣ። በራትስዋቪትሴ ጦርነት ገበሬዎች ረዥም እጀታ ባለው ማጭድ መድፍ ማረኩ። እነዚህ ገበሬዎች የመኳንንቱን መሬት በግዴታ የሚያርሱ ነበሩ፤ እርሱም ነፃነታቸውን ዐወጀላቸው፥ የግዴታ ሥራቸውንም ቀነሰላቸው። ብዙ መኳንንት ግን ይህን አልወደዱለትም። በዚያው ዓመት ቈስሎ ተማረከ፤ በሩሲያ ታስሮ ቈይቶ በ1796 ተፈታ።

እንደ ገና አሜሪካን ጐብኝቶ ሲመለስ፥ በ1798 ኑዛዜ ጻፈ። በዚያ ያለው ገንዘቡ ባሮች ተገዝተው ነፃ እንዲወጡበትና እንዲማሩበት አዘዘ፤ አስፈጻሚም አድርጎ ወዳጁን ቶማስ ጀፈርሰንን መረጠ። ኮሽቹሽኮ በ1817 በስዊስ አገር ሞተ። ነገር ግን ጀፈርሰን፥ ራሱ የብዙ ባሮች ጌታ የነበረው፥ አደራውን አልተቀበለም። ከረዥም ክርክር በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1852 ገንዘቡን ለዘመዶቹ ፈረደ፤ በርሱም አንድ ባሪያ ነፃ አልወጣም።

ለራስ ሲቈርሱ አያሳንሱ ይባላል። የዚያን ዘመን ታላላቆች ነፃነትን ለራሳቸው በሰፊው ቈረሱ፤ ኮሽቹሽኮ ግን ለገበሬውም ለባሪያውም እኩል ሊቈርስ ፈለገ። የሠራው ምሽግ ጠላትን አቆመ፤ የጻፈው ኑዛዜ ግን ሌሎች ስላልፈጸሙት ወረቀት ሆኖ ቀረ። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው፥ መልካም አሳብ ከአሳቢው ሌላ አደራ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ነው።