ወንበራቸውን የለቀቁት ጂናህ

ሙሐመድ ዓሊ ጂናህ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፓኪስታንን መመሥረታቸውን ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ከዚያ ቀድሞ የነበረውን ወጣት ጠበቃ ነው።

በ1876 (እ.ኤ.አ.) ካራቺ የተወለዱት ጂናህ ለንደን ሕግ ተምረው በቦምቤይ ጥብቅና ቆሙ። በ1910 የቦምቤይ ሙስሊሞች ተመራጭ ሆነው እንግሊዞች በሕንድ ወዳቋቋሙት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ።

ምክር ቤቱ ግን ስሙ እንጂ ሥልጣኑ የሕዝብ አልነበረም። በ1909 በወጣው ሕግ መሠረት ከ60ዎቹ ተጨማሪ አባላት በምርጫ የሚገቡት 27 ብቻ ነበሩ። አብላጫው ድምፅ በሹማምንቱ እጅ፣ ሰብሳቢነቱም በንጉሡ እንደራሴ እጅ ነበር። ተመራጩ ይናገራል፣ ይጠይቃል፤ የሚወስነው ግን መንግሥት ነው።

ታዲያ እዚያ መቀመጥ ምን ይፈይዳል? በ1894 የለንደኑ የመጨረሻ ይግባኝ ችሎት ሙስሊሞች ለልጅ ልጆቻቸው የሚያደርጉትን ወቅፍ ውድቅ አድርጎት ነበር። ጂናህ ረቂቅ አቅርበው ተሟገቱ፤ ወቅፉም በ1913 በሕግ ጸና።

በ1919 ደግሞ ሰውን ያለ ፍርድ የሚያሳስረው የሮውላት ሕግ የሕንዳውያን ተመራጮችን ተቃውሞ ረግጦ አለፈ። ጂናህም መልቀቂያቸውን አስገቡ። ከዚያም እስከ 1948 ኖረው አረፉ።

እንደ እኔ እንደ እኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ወንበር አማና ነው። ለወገን እስከጠቀመ ይያዛል፤ የግፍ ማኅተም ሲሆን ግን ይለቀቃል። ጂናህ ሁለቱንም ጊዜ ለይተው አውቀዋል። እኛስ?