የአድዋው ቅጠል ለቃሚ ዊልሄልም ሺምፐር

ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ደን የወጣ ሰው ረጃጅሞቹን ጥዶች ሳያደንቅ አይመለስም፡፡ የአገራችን ጥድ በሳይንስ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል፤ ከዚህ ስም ኋላም ሆክስቴተር የሚል የሰው ስም ይጻፋል፡፡ በብሳናም ስም ላይ እንዲሁ፡፡ ሆክስቴተር በጀርመን አገር በኤስሊንገን ከተማ የወንጌል አገልጋይ፣ ማለትም ፓስተር ነበር፡፡ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፡፡ ዕፅዋቷን ለቅሞ ይልክለት የነበረው ዊልሄልም ሺምፐር ነው፡፡

ሺምፐር በ1804 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ተወለደ፡፡ ወታደርም ሆኖ ነበር፤ ኋላ ግን ልቡ ወደ ፍጥረት ጥናት አዘነበለ፡፡ ፓስተር ሆክስቴተርና ሐኪሙ ስቶይደል በ1825 አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር፡፡ አባላቱ ገንዘብ አስቀድመው ያዋጣሉ፣ ለቃሚው ወደ ሩቅ አገር ይላካል፣ የተለቀመው ሲመጣ ለአባላቱ ይከፋፈላል፡፡ በአገራችን ዕቁብ ለሚጥል ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፡፡

ማኅበሩ ሺምፐርን ቪስት ከሚባል ጓደኛው ጋር ወደ ግብፅ ላከው፡፡ ቪስት በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፡፡ ሺምፐር ግን በሲናና በዓረብ ምድር አልፎ በ1837 አድዋ ገባ፡፡ ብዙዎቻችን ከምናውቃቸው ሚስዮናውያን ኢዘንበርግ ያን ጊዜ እዚያው ነበረ፤ ክራፕፍም ኋላ መጣ፡፡ እነርሱ በ1838 ከትግራይ ሲባረሩ ቅጠል ለቃሚው ቀረ፡፡

ደጃዝማች ውቤ እንጢጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት፡፡ ኢትዮጵያዊት አግብቶም ልጆች ወለደ፡፡ በዚሁ ዘመን በአባ ያዕቆብ በኩል ካቶሊክ ሆነ፡፡ አንዳንዶች ለትዳሩ ሲል ነው ይላሉ፤ ልብን የሚመረምር ግን ጌታ ብቻ ስለሆነ እኔ በዚህ ላይ አልፈርድም፡፡

ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር፡፡ አንዱን ተክል ከነአበባውና ከነፍሬው ቆርጦ፣ በወረቀት መካከል ተጭኖ፣ ሻጋታ እንዳይበላው ወረቀቱን እየለወጡ ማድረቅ ያስፈልጋል፡፡ ከአንዱ ዓይነት ብዙ ቅጂ ይለቀማል፡፡ ለሁሉም አንድ ቁጥር ይሰጥና የተገኘበት ቦታና ቀን ይጻፍበታል፡፡ ቦታውና ቀኑ ያልተጻፈበት ቅጠል ከድርቆሽ አይሻልም! ከባሕር ማዶም ሆክስቴተር እሽጉን ፈትቶ ይለያል፣ ስም ያወጣል፣ ለአባላቱ ያከፋፍላል፡፡ በኤደን አዳም ስም ሲያወጣ ያነበብን ሰዎች በፓስተሩ ሥራ አንደነቅም፡፡

አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ውቤን ድል ሲያደርጉ ሺምፐር ግዛቱን አጣ፡፡ ከዚያም በጋፋት፣ ከቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት ከመጡት የወንጌል ሰዎች ጋር ተቀመጠ፡፡ ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር መቅደላ ተይዞ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ ተፈታ፡፡ በእነዚያ የጭንቀት ዓመታትም ብዕሩን አልጣለም፡፡ ስለ ትግራይ ዕፅዋት ሲጽፍ የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስምና ለምን እንደሚጠቀምበት መዘገበ፤ የአድዋንና የአክሱምን አካባቢ ዓለትና አፈርም በካርታ ላይ አሳየ፡፡ ጽሑፉ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፡፡ (ታላቅ ወንድሙ ካርል ደግሞ የበረዶ ዘመን የሚለውን ቃል ለሳይንስ ያበረከተ ሰው ነው፡፡) ስሙን የነገሩት፣ መንገዱን የመሩት ገበሬዎችና እረኞች ግን በአብዛኛው ስማቸው አልተጻፈም፡፡ ይህ ያሳዝነኛል፡፡

ሺምፐር ከመቅደላ በኋላ ወደ አድዋ ተመልሶ በ1878 በዚያው አረፈ፡፡ በማርች 1943 የበርሊን የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ በቦምብ ሲቃጠል እርሱ የላካቸው ብዙ ናሙናዎችም አብረው ጠፉ፡፡ ነገር ግን የአንዱ ተክል ቅጂ ለብዙዎች ተከፋፍሎ ስለ ነበር በፓሪስም በለንደንም ያው ቁጥር የተጻፈበት ቅጠል ተረፈ፡፡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እስከ 2009 ድረስ ስምንት ቅጽ አድርገው ያሳተሙትን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የሺምፐርን ቁጥሮች ደጋግመው ጠቅሰዋል፡፡