ከልብስ አጣቢ እናቶች የተማሩት ሳይንቲስት፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ

በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ከተሰየመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። እኛ የመረጥናቸው ግን ትልቁን ሥራቸውን የጀመሩት ወንዝ ዳር ልብስ ከሚያጥቡ እናቶች ተምረው ስለሆነ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የዶክትሬት ትምህርታቸውን በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለዋል። በ1964፣ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ፣ ብልሃርዝያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ።

ብልሃርዝያ በውኃ የሚተላለፍ የትል በሽታ ነው። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። እዚያ የተፈለፈለው እጭ በአንድ ዓይነት ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ በሽታው ይበልጥ የሚያጠቃው ውኃ የሚቀዱትን፣ ልብስ የሚያጥቡትንና ወንዝ ውስጥ የሚጫወቱትን ልጆች ነው። ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሐይቅና በከሚሴ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሽታው በአካባቢያችን መኖሩን አሳይተዋል።

የዓድዋ እናቶች እንዶድ አድርቀውና ወቅጠው በአረፋው ያጥቡ ነበር። ይህ ለወሎ እናቶች አዲስ ነገር አይደለም፤ ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ያስተዋሉት ሌላ ነገር ነው። እናቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ። ከወንዙ የላይኛው ክፍል በሕይወት ያሉትን ለቅመው በዕቃ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት ጠብ እንድታደርግበት ጠየቋት። ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ብዙ ምሁር ያንን ወንዝ አይቶ ያልፍ ነበር። እርሳቸው ግን ጠየቁ፤ ያዩትንም ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው በእንዶድ ላይ ጥናት ጀመሩ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የእንዶድ ፍሬ ሲወቀጥና ከውኃ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው፣ ሳፖኒን የሚባለው አረፋ የሚሰጥ ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ። ኋላም ለአክሊሉ ክብር ለማቶክሲን የሚል ስም ተሰጠው። የመጀመሪያውን ሙከራ በእጇ የሠራችው ሴት ስም ግን ከታሪኩ ጋር ሲነገር አይሰማም።

ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ከተማ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ የአምስት ዓመት ሙከራ ተደረገ። ከሕዝቡ መካከል በበሽታው የተያዙት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረዱ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የሕፃናቱ ቁጥር ብዙ ይናገራል፤ ሙከራው ሲጀመር ገና ያልተወለዱ ልጆች ከበሽታው ድነው አደጉ ማለት ነው። ያኔ በገበያ የነበረው የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ነበር፤ እንዶድ ግን በደጋና በወይና ደጋ አጥር ላይ የሚበቅል ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትግል ከምርምሩ ይልቅ ረጅም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድን ሳይቀበለው ብዙ ዓመታት አለፉ። የሚፈለገው ማስረጃ እጅግ ውድ በሆኑ የውጭ ላቦራቶሪዎች የሚሠራ የመርዛማነት ምርመራ ነበር፤ የድሃ አገር ተመራማሪ ደግሞ ለዚያ የሚከፍለው የለውም። ዶክተር አክሊሉ የችግሩ ሥር ከአፍሪካ ላቦራቶሪ የወጣ ውጤት አለመታመኑ እንደሆነ ተረድተው ነበር። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዝርያዎችን እያወዳደሩ ኃይለኛውን ሲመርጡ፣ እርሳቸው ደግሞ በየአገሩ እየዞሩ ስለ እንዶድ አስረዱ። በኋላ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ለምርምሩ ድጋፍ ሰጠ። በ1989 ሁለቱ ምሁራን ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

እንዶድ ለሰሜን አሜሪካም ተረፈ። በዚያ ያሉ ሐይቆችን የወረረውንና የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ሙስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተረጋገጠ። የፓተንቱ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ሆነ። ይህም ለዘመናት እንዶድን ሲጠቀሙና ሲያውቁት የኖሩት የኢትዮጵያ እናቶች ድርሻ የት አለ የሚል ክርክር አስነሣ።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። ዛሬ ብልሃርዝያን ለመከላከል በዋናነት የሚሠራው በትምህርት ቤቶች ፕራዚኳንቴል የተባለውን ኪኒን በማደል ነው። ኪኒኑ የሚያድነው የታመመውን ነው፤ ቀንድ አውጣው ወንዙ ውስጥ እስካለና ሽንት ቤት እስከሌለ ድረስ ልጁ ተመልሶ መያዙ አይቀርም። የእንዶድ ጥያቄ ስለዚህ አልተዘጋም።

ይህን ታሪክ ለማኅበራችን ያመጣነው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ ወይም ሥልጠና ይዛችሁ ስትመጡ አስቀድማችሁ እናቶቹ የሚያውቁትን ጠይቁ፤ ያወቁትን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገውንም ወጪ በበጀታችሁ አስቡ። እንዶድን ለዓመታት ያዘገየው የእውቀት እጥረት አልነበረም፤ ለምርመራ የሚከፈል ገንዘብ ነበር።

ሁለተኛው ለራሳችን ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በየቡድናችን ያሉ ታላላቅ እናቶች ስለ እንዶድ፣ ስለ እህል አቀማመጥ፣ ስለ ቆዳ አለፋ ብዙ ያውቃሉ። የሂሳብ ሰው እንደሚያውቀው በመዝገብ ያልገባ ገንዘብ ሲጠየቅ አይገኝም፤ እውቀትም እንዲሁ ነው። ከሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ደብተር ይያዝ። የተናጋሪዋ ስም ከነፈቃዷ፣ የምትጠቀመው ነገር፣ መጠኑና ያየችው ውጤት ይጻፍበት። ጉዳቱም አይዘለል፤ እንዶድ ዓሣ ይገድላል፣ ሰውም ቢጠጣው መርዝ ነው፣ ከልጆች መራቅ አለበት። ነገ አንድ ተመራማሪ መጥቶ ሲጠይቅ፣ መልሱ የመላሿን ስም ይዞ ይጠብቀው።