የፖሊስን መዝገብ ለሕዝብ ጆሮ ያደረሰው ጃክ ዌብ

ቀድሞ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ያልመጣ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው ካልታወቀም ካሣው በአገሩ ሰው ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ምስክር ሰብስቦ የተሰወረውን ሰው መፈለግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ይህንኑ ጉዳይ ለአሜሪካ ሕዝብ በሲኒማና በራዲዮ ያቀረበውን የጃክ ዌብን ሕይወት ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ጃክ ዌብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 በካሊፎርኒያ ተወለደ። አባቱ ቤቱን ጥሎ ስለ ሄደ እናቱና አያቱ በድህነት አሳደጉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የራዲዮ ተዋናይ ሆነ።

በ1948 «በሌሊት ይሄድ ነበር» በተባለ፣ በጥቂት ገንዘብ በተሠራ የፖሊስ ፊልም ውስጥ የላቦራቶሪ መርማሪ ሆኖ እንዲጫወት ትንሽ ቦታ ተሰጠው። የፊልሙ ታሪክ የተወሰደው በሎስ አንጀለስ ከተፈጸመ እውነተኛ ወንጀል ነው። መርማሪው የተዘረፉትን ሰዎች በአንድ ክፍል ሰብስቦ የዓይን፣ የአፍንጫና የአገጭ ሥዕል እየለዋወጠ ያሳያቸዋል፤ እነርሱም ሲስማሙ የነፍሰ ገዳዩ መልክ ይወጣል። ይህን የቡሬ ሽማግሌ ቢያየው አውጫጭኝ ነው ባለ ነበር።

የፊልሙ አማካሪ የነበረው የፖሊስ ሳጅን ማርቲ ዊን፣ በራዲዮ የሚሰማው የፖሊስ ታሪክ ከእውነቱ የራቀ መሆኑን ለዌብ ነገረው። ዌብም ከፖሊሶች ጋራ በመኪና እየዞረ አነጋገራቸውንና አሠራራቸውን አጠና። በ1949 «ድራግኔት» የተባለውን ዝግጅት በራዲዮ ጀመረ፤ ከ1951 ጀምሮም በቴሌቪዥን ታየ። በዝግጅቱ ተኩስ ጥቂት ነው፤ በር ማንኳኳት፣ መጠየቅና መጻፍ ግን ብዙ ነው። ዌብ ራሱ ያዘጋጃል፤ ሳጅን ጆ ፍራይዴይ ሆኖም ይጫወታል።

ነገር ግን ጽሑፉን የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ይመለከተው ስለ ነበር የፖሊስ ጥፋት ብዙ አይነገርም ነበር። በ1965 በዚያችው ከተማ፣ ዋትስ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ አንድ ሰው በፖሊስ ሲያዝ በተነሣው ሁከት 34 ሰዎች ሞቱ፤ ዝግጅቱ ያልነገረው ቅሬታም ለዓለም ተገለጠ።

ዌብ በ1982 በ62 ዓመቱ ሞተ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስም ፍራይዴይ በተውኔቱ ይይዘው የነበረውን 714 ቁጥር ለመታሰቢያው ከአገልግሎት አወጣው።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የተሰወረ ወንጀል የሚወጣው በትዕግሥት እንጂ በቍጣ አይደለም። ደግሞም መዝገቡን የያዘው ወገን ብቻ ከተናገረ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ስለዚህ በምዕራብ ጎጃም ወረዳዎችም ሆነ በሌላው አገራችን መዝገብ የሚይዝ ወጣት ሹም፣ የከሳሹንና የተከሳሹን ቃል እኩል አድርጎ ይጻፍ እንላለን።