ሸይኽ አብደላ አል-ሳሊም፦ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የታገሡት አሚር

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 25 ቀን የፋሐሂል የባሕር ዳርቻ በሰንደቅ ዓላማና በመብራት ሲያሸበርቅ፣ ዕለቱ ኩዌት ነፃ የወጣችበት ቀን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የነፃነቱ ውል የተፈረመው ግን ጁን 19 ቀን 1961 ነው። የዚያ ወር ሐሩር ለአደባባይ በዓል አይመችምና በዓሉ ሸይኽ አብደላ አል-ሳሊም አል-ሳባህ በ1950 ሥልጣነ መንበሩን ወደ ያዙበት ዕለት ተዛወረ። አገር ልደቷን ከአንድ ሰው ሹመት ጋር ያስተሳሰረችው እንዲህ ነው። ሰውየው ግን ያንን ቀን ለማየት ረጅም ዘመን ጠብቀዋል።

ሸይኽ አብደላ የተወለዱት በ1895 ሲሆን የታላቁ ሸይኽ ሙባረክ የልጅ ልጅ ናቸው። ከሙባረክ በኋላ ልጆቻቸው ጃቢርና ሳሊም ተከታትለው ገዙ፤ የኩዌት አገዛዝም በሁለቱ ወንድማማቾች ዘሮች መካከል የሚመላለስበት መንገድ ከዚያ ተጀመረ። በፌብሩዋሪ 1921 ሸይኽ ሳሊም ሲያርፉ የአገሩ ነጋዴዎችና ታላላቆች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ገዢው ከእነርሱ ጋር እየተመካከረ እንዲያስተዳድር ጠይቀው ሦስት ስሞችን አቀረቡ፤ አህመድ አል-ጃቢር፣ ሐመድ አል-ሙባረክ እና የሟቹ ልጅ አብደላ አል-ሳሊም። የተመረጡት አህመድ ሆኑ። አሥራ ሁለት አባላት ያሉት የሹራ ምክር ቤትም ተቋቋመ፤ ዕድሜው ግን ከወራት አላለፈም።

አብደላ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። አባቱ የያዘውን መንበር ያጣ ልዑል በሌላ አገር ቢሆን ወይ ይሸፍታል፣ ወይ ይሰደዳል። እርሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም። በ1938 የንግዱ ማኅበረሰብ አሥራ አራት አባላት ያሉት የሕግ አውጪ ምክር ቤት ሲመርጥ ሰብሳቢው እርሳቸው ሆኑ። በአንድ በኩል የለውጥ ፈላጊዎቹ ተስፋ፣ በሌላ በኩል የገዢው የአጎት ልጅ መሆን ቀላል ስፍራ አልነበረም። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተበተነ፤ በምትኩ የተመረጠውም በማግሥቱ ዓመት ፈረሰ። ከለውጥ ፈላጊዎቹ የታሰሩና የተሰደዱ ነበሩ፤ አብደላ ግን ከአጎታቸው ልጅ ጋር ሳይቆራረጡ በመንግሥት ሥራ ቀጠሉ። ይህን እንደ ድክመት የቆጠረባቸው ቢኖር አያስገርምም፤ የኋላው ታሪክ ግን ትዕግሥት መሆኑን መስክሯል።

ሸይኽ አህመድ ጃንዋሪ 29 ቀን 1950 ሲሞቱ ነገሩ የተለየ ክብደት ነበረው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ጁን 30 ቀን 1946፣ ዓሣ አጥማጆችና ዕንቁ ጠላቂዎች ይኖሩባት ከነበረችው ከፋሐሂል አጠገብ የመጀመሪያው ድፍድፍ ዘይት በመርከብ ተጭኖ ወጥቷል። ስለዚህ መንበሩን የሚይዝ ሰው የዘይቱንም ሀብት ያዝዛል። ኩዌት የፖለቲካ ፓርቲ የላትምና እንዲህ ያለው ግምት የሚነገረው በዲዋንያ፣ በቡና ስኒ ዙሪያ ነው። ዓይን ካረፈባቸው አንዱ የጸጥታውን ኃይል የያዙት የሙባረክ የመጨረሻ ልጅ አብደላ አል-ሙባረክ ነበሩ። መንበሩ ግን በ1921 ላለፋቸው ሰው ደረሰ። አዲሱ ገዢ በሁለተኛው ዓመታቸው ከዘይት ኩባንያው ጋር ትርፉን እኩል የሚያካፍል ስምምነት ፈጸሙ፤ ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም በዚያ ገንዘብ ተስፋፋ።

ነፃነቱ በታወጀ በስድስተኛው ቀን የኢራቁ መሪ አብዱልከሪም ቃሲም ኩዌት የእኔ ናት አሉ። አሚሩ መጀመሪያ የእንግሊዝን፣ ቀጥሎም የዓረብ ሊግን ጦር አስገቡ። አደጋው ፋታ ሲሰጥ በ1938 የፈረሰውን ነገር እንደገና አነሡ። የተመረጠ ጉባኤ ሕገ መንግሥት አረቀቀ፤ እርሳቸውም ኖቬምበር 11 ቀን 1962 አጸደቁት።

አራተኛው አንቀጽ የመንበሩን ወራሽ ጉዳይ ከሹክሹክታ አውጥቶ በጽሑፍ አሰፈረው። አሚሩ በተሾሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ወራሹን ይሰይማሉ፤ ምክር ቤቱም በአብላጫ ድምፅ በይዓ ይሰጣል። ካልተቀበለው አሚሩ ከሙባረክ ዘር ቢያንስ ሦስት ሰዎችን ያቀርባሉ፤ ምክር ቤቱም አንዱን ይመርጣል። የ1921ን ሦስት ስሞች የሚያስታውስ ሰው ይህን አንቀጽ ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የአጼ ምኒልክ ወራሽ ተብለው የታወጁት ልጅ ኢያሱ በ1916 በመኳንንቱና በቤተ ክህነቱ ውሳኔ ከመንበር መውረዳቸውን፣ ይህም በሰገሌ ምድር ያፈሰሰውን ደም ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢም እንዲህ ያለው የተጻፈ ሥርዓት ትርጉሙ ቀላል አይደለም።

አሚሩ ራሳቸው ግን ከጥያቄ አላመለጡም። በኦክቶበር 1962 ወራሽ አድርገው የሰየሙት ወንድማቸውን ሸይኽ ሳባህ አል-ሳሊምን ነበር። ተራው የጃቢር ዘር ነው ብሎ የጠበቀ ሁሉ ግምቱ ሳተ። በ1964 መጨረሻ ደግሞ ምክር ቤቱና ወንድማቸው የሚመሩት ካቢኔ በሚኒስትሮች ሹመት ተጋጩ። ምክር ቤቱን መበተን በእጃቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ካቢኔው እንዲለወጥ ፈቀዱ።

ሸይኽ አብደላ ኖቬምበር 24 ቀን 1965 አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሳባህ አል-ሳሊም ያለ ግርግር ተተኩ፤ በማግሥቱ ዓመትም የአህመድን ልጅ ጃቢርን ወራሽ አድርገው ሰየሙ። በ1977 ማብቂያ መንበሩ ወደ ጃቢር ዘር ተመለሰ።