ግሬስ ሆፐር

ግሬስ ሆፐር (እ.ኤ.አ. 1906 – 1992) አሜሪካዊት የሂሳብ ሊቅ፣ የኮምፒውተር ባለሙያና የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። የተወለዱት በኒው ዮርክ ከተማ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገብተው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በማርክ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሠሩ።

በዚያን ዘመን ፕሮግራም የሚጻፈው በቁጥርና በምልክት ስለነበር ሥራው የጥቂት ሰዎች ብቻ ነበር። ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች አንዱ የሆነውን ኤ-ዜሮን ሠሩ። ቀጥሎም ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍበትን ፍሎው-ማቲክን አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1959 መነደፍ የጀመረው ኮቦል የተባለው ቋንቋ ብዙ ነገር የወሰደው ከዚህ ነው።

ኮቦል ሲስፋፋ የተለያዩ ዓይነቶች ስለወጡለት፣ ለአንዱ ማሽን የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው አልሠራ አለ። ባሕር ኃይሉ ጡረታ የወጡትን ሆፐርን እ.ኤ.አ. በ1967 መልሶ ጠርቶ ቋንቋውን አንድ ወጥ እንዲያደርጉ መደባቸው። ሆፐር በልማድ ብቻ የሚቀጥል አሠራርን ይቃወሙ ስለነበር ቢሯቸው ውስጥ ወደ ኋላ የሚዞር የግድግዳ ሰዓት ሰቅለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ79 ዓመታቸው፣ በሪር አድሚራልነት ማዕረግ ከአገልግሎት ተሰናበቱ።

ኮቦል ግን እሳቸው ካረፉ በኋላም በባንኮችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማገልገሉን ቀጥሏል፤ ፕሮግራሞቹን የጻፉት ባለሙያዎች ጡረታ ሲወጡም የሚጠግናቸው ሰው እየተመናመነ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የሥራ አጥነት ድጎማ ጠያቂዎች ሲበዙ፣ የኒው ጀርሲ ግዛት ገዥ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዱ ጥሪ አቅርበዋል።