ሃሪ ትሩማን፡ በ82 ቀናት ውስጥ ከምክትልነት ወደ ፕሬዚዳንትነት

የዩናይትድ ስቴትስ 33ኛ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሃሪ ትሩማን ለመጀመሪያ ጊዜ የርዕሰ ብሔርነቱን ሥልጣን የያዙት በራሳቸው የምርጫ ውድድር አሸንፈው አልነበረም። ሥልጣኑ የመጣላቸው ለፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የምክትል ፕሬዚዳንትነት እጩ ሆነው በመመረጣቸው ነው። እ.ኤ.አ በ1944 በቺካጎ ከተማ በተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ የተላለፈው ይህ ውሳኔ፣ ከዘጠኝ ወራት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ፍጻሜ የመምራትና የአቶሚክ ቦምብን ጉዳይ የመወሰን ኃላፊነት በእኚህ ሰው ትከሻ ላይ እንዲወድቅ አድርጓል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትሩማን የተወለዱት ሜይ 8 ቀን 1884 በሚዙሪ ግዛት ላማር በተባለች አነስተኛ ከተማ ሲሆን፣ ያደጉት በአብዛኛው ኢንዲፔንደንስ በተባለችው ከተማ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የማየት ችግር ስለነበረባቸው ወፍራም መነጽር ያደርጉ የነበረ ሲሆን፣ ጊዜያቸውንም መጻሕፍት በማንበብና ፒያኖ በመለማመድ ያሳልፉ ነበር። በ1901 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ቢያጠናቅቁም በቤተሰባቸው ላይ በደረሰው የገንዘብ ችግር ምክንያት የኮሌጅ ትምህርት ተከታትለው ለመመረቅ አልቻሉም። ወደ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ለመግባት የነበራቸው ምኞትም በዓይናቸው ድካም ሳቢያ ሳይሳካ ቀርቷል። በካንሳስ ሲቲ በባንክ ሠራተኝነት ጥቂት ካገለገሉ በኋላ፣ ከ1906 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በግራንድቪው በሚገኘው የቤተሰባቸው እርሻ ላይ በግብርና ሥራ ተሰማርተው ቆይተዋል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሻምበልነት ማዕረግ ወደ ፈረንሳይ ዘምተው አንድ የመድፈኛ ባትሪ መርተዋል። ከጦር ሜዳ እንደተመለሱ በ1919 ከልጅነት ጀምሮ ያውቋቸው የነበሩትን ቤስ ዋላስን ያገቡ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከጦር ጓደኛቸው ጋር በካንሳስ ሲቲ የወንዶች አልባሳት መሸጫ ሱቅ ከፈቱ። ሱቁ በ1922 ከሰረ። ትሩማን ግን መክሰራቸውን በፍርድ ቤት አሳውጀው ከዕዳ ነጻ ከመሆን ይልቅ፣ የድርሻቸውን ዕዳ ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ መክፈልን መርጠዋል።

ወደ ፖለቲካው የገቡት በዚሁ በ1922 ነው። በካንሳስ ሲቲ የዴሞክራቶችን ድርጅት ይቆጣጠሩ በነበሩት በቶም ፔንደርጋስት ድጋፍ የጃክሰን ወረዳ አስተዳደር አባል ሆነው ተመረጡ። በ1926 ደግሞ የወረዳው አስተዳደር ሰብሳቢ በመሆን በመንገድና በሕዝብ ሕንፃዎች ግንባታ ላይ መልካም ስም አተረፉ። በ1934 ለሴኔት ሲመረጡ ግን ከፔንደርጋስት ጋር የነበራቸው ግንኙነት ዋሽንግተን ድረስ ተከትሏቸው ስለነበር ብዙ የሥራ ባልደረቦቻቸው በጥርጣሬ ይመለከቷቸው ነበር። በ1939 ፔንደርጋስት ግብር በመሰወር ጥፋተኛ ተብለው ሲታሰሩ የትሩማንም የፖለቲካ ሕይወት እንዳከተመ ተቆጥሮ ነበር። ይሁን እንጂ በ1940 በተካሄደው የፓርቲያቸው የማጣሪያ ምርጫ በጠባብ የድምጽ ልዩነት አሸንፈው ወደ ሴኔት ተመለሱ።

ትሩማንን በአገር አቀፍ ደረጃ ያሳወቃቸው በ1941 በራሳቸው ሐሳብ አቅራቢነት የተቋቋመው የመከላከያ ወጪ መርማሪ ኮሚቴ ነው። በ15 ሺህ ዶላር በጀት ሥራውን የጀመረው ይህ ኮሚቴ የጦር ሠፈሮች ግንባታን፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችንና የኮንትራት ውሎችን እየመረመረ ብክነትንና ጥራት የጎደለውን ሥራ ለሕዝብ አጋልጧል። ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡት አባላቱ ሪፖርታቸውን በስምምነት ያቀርቡ ስለነበር ተሰሚነታቸው ከፍተኛ ነበር። የኮሚቴው ሥራ ለመንግሥት በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እንዳዳነ ይገመታል። በዚህም ሳቢያ ቀድሞ የፔንደርጋስት ሰው ተብለው ይናቁ የነበሩት ሴናተር በጦርነቱ ወቅት ከሚታመኑ የምክር ቤት አባላት አንዱ ለመሆን በቅተዋል።

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የምክትል ፕሬዚዳንቱ ቋሚ ተግባር ሴኔቱን በሰብሳቢነት መምራትና ድምጽ እኩል በተከፈለ ጊዜ መለያውን ድምጽ መስጠት ነው። በመሆኑም ፓርቲዎች ለዚህ ቦታ የሚያቀርቡት ሰው አገር ለመምራት ያለው ብቃት ሳይሆን፣ የትኛውን አካባቢና የትኛውን የፓርቲ ክንፍ ያስደስታል የሚለው ጉዳይ ሚዛን ሲደፋ ኖሯል። ይሁንና ከ1841 እስከ 1923 ባለው ጊዜ ብቻ ስድስት ምክትል ፕሬዚዳንቶች የበላዮቻቸው በሞት በመለየታቸው ምክንያት የፕሬዚዳንትነቱን መንበር ተረክበዋል። የምክትሉ ምርጫ የተተኪ ምርጫ ጭምር መሆኑ ከዚህ የሚታይ ቢሆንም በጉባኤዎች ላይ ግን ብዙም ትኩረት አላገኘም ነበር።

በ1944 ሩዝቬልት ለአራተኛ ጊዜ ለመወዳደር ሲነሡ ጥያቄው ከወትሮው የተለየ ክብደት ነበረው። በዚያው ዓመት በማርች ወር ፕሬዚዳንቱን የመረመሩት የልብ ሐኪም ከፍተኛ የደም ግፊትና የልብ ድካም እንዳለባቸው ያረጋገጡ ሲሆን፣ ውጤቱ ከሕዝብ ተሰውሮ እንዲቆይ ተደርጓል። የፓርቲው መሪዎች የምርመራውን ዝርዝር ባያውቁም የፕሬዚዳንቱን ፊትና አካል በማየት ብቻ አራተኛውን የሥልጣን ዘመን መጨረሳቸውን መጠራጠር ጀምረው ነበር። ስለሆነም የሚመርጡት ምክትል ፕሬዚዳንት የመሆን ዕድሉ ሰፊ መሆኑን ተረድተውት ነበር።

በወቅቱ በምክትል ፕሬዚዳንትነት ያገለግሉ የነበሩት ሄንሪ ዋላስ በሠራተኛ ማኅበራትና በፓርቲው የለውጥ ክንፍ ዘንድ ተወዳጅ ነበሩ። በአንጻሩ የደቡብ ግዛቶች መሪዎች በዘር እኩልነት ላይ ባላቸው አቋም፣ የትላልቅ ከተሞች የፓርቲ አለቆች ደግሞ ከእነርሱ ጋር ተግባብተው ባለመሥራታቸው አጥብቀው ይቃወሟቸው ነበር። ዋላስ በ1944 የበጋ ወራት በሶቪየት ኅብረትና በቻይና ጉብኝት ላይ በነበሩበት ጊዜ ተቃዋሚዎቻቸው ፕሬዚዳንቱን ማግባባታቸውን ቀጠሉ። ዋላስ ወደ ዋሽንግተን በተመለሱ ማግስት፣ ጁላይ 11 ቀን ምሽት፣ የፓርቲው ሊቀመንበር ሮበርት ሃኔጋንና ሌሎች መሪዎች በዋይት ሐውስ ከሩዝቬልት ጋር ተሰብስበው የእጩዎችን ስም አንድ በአንድ መረመሩ።

የጦርነቱን የኢኮኖሚ ሥራ ያስተባብሩ የነበሩት ጄምስ በርንስ በልምዳቸው ቀዳሚ ቢሆኑም፣ የደቡብ ሰው በመሆናቸውና በዘር መለያየት ላይ በያዙት አቋም የጥቁሮችን ድምጽ ያሸሻሉ ተባለ። በተጨማሪም የሠራተኛ ማኅበራት አይፈልጓቸውም፤ የካቶሊክ እምነታቸውን ትተው ወደ ሌላ የክርስትና ቤተ እምነት መግባታቸውም የካቶሊክ መራጮችን ያስቆጣል የሚል ሥጋት ነበር። የሴኔቱ የአብላጫ ፓርቲ መሪ አልበን ባርክሌይ በዕድሜያቸው መግፋት ታለፉ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ዊልያም ዳግላስ ደግሞ በመሪዎቹ ዘንድ በቂ ድጋፍ አላገኙም። በመጨረሻ የቀረው የትሩማን ስም ነበር። ትሩማን የመጡት በደቡብና በሰሜን መካከል ከምትገኝ ግዛት ሲሆን፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ጠብ አልነበራቸውም፤ በሴኔቱም የተከበሩ ነበሩ። በአጭሩ ሌሎቹ እጩዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወገን ሲያስቀይሙ፣ እርሳቸው ማንንም የማያስቀይሙ ሆነው ተገኙ።

ሩዝቬልት ግን ሐሳባቸውን በግልጽ ከማሳወቅ ተቆጠቡ። ለጉባኤው ሰብሳቢ በጻፉት ደብዳቤ የጉባኤው አባል ቢሆኑ ለዋላስ ድምጻቸውን እንደሚሰጡ ሲገልጹ፣ ለሃኔጋን በጻፉት ሌላ ደብዳቤ ደግሞ ከትሩማን ወይም ከዳግላስ ጋር ቢወዳደሩ ደስተኛ እንደሚሆኑ አስታወቁ። በርንስም በበኩላቸው የፕሬዚዳንቱ ድጋፍ ከእርሳቸው ጋር እንደሆነ አምነው ትሩማን በእጩነት እንዲያቀርቧቸው ጠየቁ። ትሩማንም ጥያቄውን ተቀብለው ወደ ቺካጎ የሄዱት የበርንስን እጩነት ለማቅረብ ነበር።

የሠራተኛ ማኅበራት መሪው ሲድኒ ሂልማን በርንስን ፈጽሞ እንደማይደግፉና ከዋላስ ቀጥሎ ትሩማንን እንደሚቀበሉ ባሳወቁ ጊዜ በርንስ ከውድድሩ ወጡ። ትሩማን ግን በሴኔት ሥራቸው ደስተኛ በመሆናቸውና ባለቤታቸውም ይፋዊ ሕይወትን ስለማይወዱ አሁንም ዕጩነቱን ለመቀበል አልፈለጉም። የፓርቲው መሪዎች በብላክስቶን ሆቴል ካስቀመጧቸው በኋላ በሳን ዲዬጎ ከነበሩት ሩዝቬልት ጋር በስልክ ተነጋገሩ። ፕሬዚዳንቱ ሴናተሩ በጦርነት ጊዜ ፓርቲውን ለመከፋፈል ከፈለጉ ኃላፊነቱ የራሳቸው እንደሚሆን ሲናገሩ ትሩማን በአጠገቡ ሆነው ሰሙ። ከዚህ በኋላ ዕጩነቱን ከመቀበል ውጭ አማራጭ አልነበራቸውም።

ጁላይ 20 ቀን ምሽት የዋላስ ደጋፊዎች አዳራሹን በጩኸትና በመዝሙር ሞልተው ምርጫው በዚያው ሌሊት እንዲካሄድ ጠየቁ። ሁኔታው ያሰጋቸው የፓርቲው መሪዎች ስብሰባው እንዲበተን አደረጉ። በማግስቱ በተደረገው የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ዋላስ 429 ከግማሽ፣ ትሩማን ደግሞ 319 ከግማሽ ድምጽ አግኝተው ማንም ለማሸነፍ የሚያበቃውን አብላጫ ሳያገኝ ቀረ። በሁለተኛው ዙር ግን በየግዛቱ የአካባቢ እጩዎችን ይደግፉ የነበሩት ልዑካን ድምጻቸውን ወደ ትሩማን በማዞራቸው 1 ሺህ 31 ለ105 በሆነ ውጤት አሸንፈዋል።

ከጉባኤው በኋላ የሆነው ግን ከምርጫው ሂደት ይበልጥ አነጋጋሪ ነው። ትሩማን በኦገስት ወር በዋይት ሐውስ ግቢ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ምሳ ሲበሉ የሩዝቬልት እጅ ሲንቀጠቀጥ ተመልክተው ተጨንቀው ነበር። በኖቬምበር የተካሄደውን ምርጫ 432 ለ99 በሆነ የወኪል መራጮች ድምጽ ካሸነፉና ጃንዋሪ 20 ቀን 1945 ቃለ መሐላ ከፈጸሙ በኋላም ቢሆን፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚያዘጋጃቸው ምንም ዓይነት የሥራ ማብራሪያ አልተሰጣቸውም። ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ ወር በያልታ ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ሲመክሩ፣ በመልስ ጉዟቸውም በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ በጦር መርከብ ከንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጋር ሲወያዩ፣ ምክትላቸው በዋሽንግተን ሴኔቱን ይመሩ ነበር። በምክትልነታቸው ዘመን ሁለቱ መሪዎች ለብቻቸው የተገናኙት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ሩዝቬልት በጆርጂያ ግዛት ዋርም ስፕሪንግስ በድንገት አረፉ። በአስቸኳይ ወደ ዋይት ሐውስ የተጠሩት ትሩማን መርዶውን የሰሙት ከቀዳማዊት እመቤት ኢሊኖር ሩዝቬልት ሲሆን፣ በዚያው ምሽት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች እንዳለፈ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በምክትልነት የቆዩት ለ82 ቀናት ብቻ ነበር። ከመጀመሪያው የካቢኔ ስብሰባ በኋላ የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ከፍተኛ ኃይል ያለው አዲስ መሣሪያ እየተሠራ መሆኑን በአጭሩ ገለጹላቸው። ሙሉው ማብራሪያ የቀረበላቸው ኤፕሪል 25 ቀን ነው። የሚያስገርመው ትሩማን ከሁለት ዓመት በፊት የመርማሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳሉ በዚሁ ምስጢራዊ ሥራ ላይ የሚወጣውን ገንዘብ መጠየቅ ጀምረው፣ በስቲምሰን ጥያቄ ምርመራውን ያቆሙ መሆናቸው ነው። ሥልጣን በያዙ በአራት ወራት ውስጥ ቦምቡ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ እንዲጣል የተደረገው በእርሳቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን ሲሆን፣ ውሳኔው ዛሬም ድረስ እያከራከረ ይገኛል።

በቀጣዮቹ ዓመታት የአውሮፓን መልሶ ግንባታ ያገዘው የማርሻል ዕቅድ ተግባራዊ ሆነ፤ በ1948 በአሜሪካ ጦር ውስጥ የነበረው የዘር መለያየት እንዲቀር ትእዛዝ ሰጡ፤ በ1949 ደግሞ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ተመሠረተ። ኢትዮጵያም በእርሳቸው ዘመን በ1951 የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ልካለች። ትሩማን በ1949 በዓለ ሲመት ንግግራቸው ያስተዋወቁት ፖይንት ፎር የተባለው የቴክኒክ ድጋፍ ፕሮግራም ለጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና ለዓለማያ እርሻ ኮሌጅ መመሥረት አስተዋጽኦ አድርጓል።

ትሩማን በ1948 በራሳቸው ስም ሲወዳደሩ መጀመሪያ ዳግላስን ጠይቀው ፈቃደኛ ባለመሆናቸው፣ ከአራት ዓመት በፊት በዕድሜ ምክንያት የታለፉትን ባርክሌይን መርጠዋል። ያልተጠበቀ ድልም ተቀዳጅተዋል። በራሳቸው ላይ የደረሰው በምክትላቸው ላይ እንዳይደገም በማሰብ ባርክሌይ በካቢኔ ስብሰባዎች እንዲሳተፉ አድርገዋል። በ1949 በወጣው ማሻሻያ ሕግም ምክትል ፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤት አባል እንዲሆኑ ተደንግጓል። ትሩማን ሥልጣን ሲይዙ ክፍት የቀረው የምክትልነት ቦታ ለአራት ዓመታት ያህል ሳይሞላ የቆየው የሚሞላበት ሥርዓት ስላልነበረ ሲሆን፣ ይህ ክፍተት የተደፈነው በ1967 በጸደቀው 25ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

በ1953 ሥልጣን ሲለቁ የሕዝብ ድጋፋቸው እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ወደ ኢንዲፔንደንስ ተመልሰው ቀሪ ሕይወታቸውን በቀላል ኑሮ ያሳለፉት ትሩማን ዲሴምበር 26 ቀን 1972 በ88 ዓመታቸው ያረፉ ሲሆን፣ አስከሬናቸውም በስማቸው በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ግቢ ተቀብሯል። ከጊዜ በኋላ በርካታ የታሪክ ምሁራን ከታላላቅ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ተርታ መድበዋቸዋል። ይሁን እንጂ በ1944 ትሩማንን የመረጡት መሪዎች በአብዛኛው ያሰቡት ስለ ድምጽ እንጂ ስለ ሰውየው የመምራት ችሎታ አልነበረም፤ ምርጫው መልካም ውጤት ቢያስገኝም ተተኪውን ሳያዘጋጁ መቅረታቸው ግን አገሪቱን ለከባድ አደጋ አጋልጧት ነበር። ትሩማን ራሳቸው ለምክትላቸው የከፈቱት የሥራ በር ከዚሁ ልምድ የተገኘ ሲሆን፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ምክትል ፕሬዚዳንቶችም ተጠቃሚ ሆነውበታል።